ሸሚዝህን አውልቅ

በአዳሪ ቤታችን በር ላይ የተለጠፈው ደንብ አሥራ ዘጠኝ ቁጥር ነበረው። ከደወል በፊት ተነስ፣ አልጋህን አንጥፍ፣ ምግብ አታትርፍ፣ ያለ ፈቃድ ከሰልፍ አትውጣ፣ መንፈሳዊ መዝሙር አትዘምር፣ በየሳምንቱ ቅዳሜ ገላህንና ልብስህን ታጠብ፣ እያለ ይቀጥላል። በሰማያዊ ቀለም፣ ደስ በሚል የእጅ ጽሑፍ ነው የተጻፈው። ችግሩ ከቆላው በጭነት መኪና ተጭነው ጂንካ ከሚወርዱት ልጆች ብዙዎቹ ማንበብ አለመቻላቸው ነበር። ስለዚህ ደንቡን የማስነበብ ሥራ የኔ ሆነ። ማስነበቢያዬ ደግሞ ከአሮጌ የመኪና ጎማ የተቀደደ፣ ክንድ ተኩል የሚሆን ቁራጭ ነበር።

የሦስተኛው መኝታ ቤት ተጠሪ ነበርኩ። ሠላሳ አራት ልጅ በእጄ ነበር። ጠዋት አስነሳቸዋለሁ፣ አሰልፋቸዋለሁ፣ ጥፍራቸውን አያለሁ፣ አልጋቸውን እፈትሻለሁ፣ ያጠፋውን እመታለሁ። የተመታ ልጅ ለመምህር ቢከስ ድጋሚ ይመታል፤ እሱም ራሱን የቻለ ቁጥር ነበረው። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል እንደሚባለው፣ እኔም ከወጥ ቤት ሴቶቹ አንድ ጭልፋ ቦሎቄ እያስጨመርኩ ሹመቴን በላሁ።

አልዋሽም፣ መምታት ደስ ይለኝ ነበር። ይህን ስጽፍ ሚስቴ ከጀርባዬ ቆማ አነበበችና «ይሄን እንኳ ተወው» አለችኝ። አልተውኩትም። በመጀመሪያው ሳምንት ስመታ ፊቴን አዞር ነበር። በወሩ ግን የትኛው ልጅ በስንተኛው ምት እንደሚያለቅስ፣ የትኛው ቀድሞ እንደሚጮህ፣ የትኛው ጥርሱን ነክሶ እንደሚችል አውቄ ጨርሻለሁ። አንድ ቀን አንድ ያገሬ ልጅ፣ የደጋው የገዘር ልጅ፣ ልብስ እያጠበ በእናት ቋንቋችን በአሪኛ መዝሙር ሲያንጎራጉር ያዝኩት። እናቴ ቤተ ክርስቲያናችን ከመዘጋቱ በፊት እሁድ እሁድ የምትዘምረው መዝሙር ነበር። ቀሪውን ስንኝ እኔም በልቤ ጨረስኩት፣ ከዚያ አሥር ሰጠሁት።

ለምን እንዲህ እንደሆንኩ ምክንያት አለኝ፤ ምክንያት ግን ይቅርታ አይደለም። ብሔራዊ ውትድርና ከታወጀ ጀምሮ ገዘር ላይ የገበሬ ማኅበሩ ሊቀመንበር የምልምል ኮታ ነበረበት። ታላቅ ወንድሜን በገበያ ቀን፣ የእንሰት ጭነት ተሸክሞ እያለ፣ ጭነቱን እንኳ ሳያወርድ ወሰዱት። ወዴት እንደላኩት አልሰማንም። ከወንድሜ ቀጥሎ ለውትድርና የደረስኩት እኔ ነበርኩ። እናቴ ጂንካ ድረስ በእግሯ መጥታ በአጥሩ ውጭ ቆማ የነገረችኝ አንድ ነገር ብቻ ነው፦ «ልጄ፣ ከዚህ ግቢ እንዳትወጣ። እዚህ እስካለህ አይነኩህም። ከወጣህ እኔ ልጅ የለኝም።» ከዚያ ቀን በኋላ የምኖረው ያንን ቦታ ላለማጣት ነበር።

የአዳሪው ኃላፊ ይህን ያውቃሉ። ከመሀል አገር የመጡ፣ በምሥራቁ ጦር ግንባር ጉልበታቸውን የተመቱ የቀድሞ ወታደር ነበሩ። ክፉ ሰው ናቸው ብዬ ልገላገል ብል ደስ ባለኝ፤ ነገር ግን ልጅ ሲታመምባቸው ሌሊቱን ሙሉ አጠገቡ የሚቀመጡ ሰው ነበሩ። ሥርዓት ግን ለእሳቸው የሞትና የሕይወት ጉዳይ ነው። «ተጠሪነት በረከት እንዳይመስልህ» ይሉኛል። «ክፍልህ ከተበላሸ ቦታህን ለሌላ እሰጣለሁ። አንተ ገዘር ትመለሳለህ።» ገዘር ማለት ምን ማለት እንደሆነ ሁለታችንም እናውቃለን።

በእኔ ክፍል ሁለት ልጆች ነበሩ። የየትኛው ጎሳ ልጆች እንደሆኑ አልጽፍም፤ ዛሬ ሽማግሌዎቻቸው ታርቀው ወገኖቻቸው በአንድ ገበያ ይውላሉ፣ የኔ ወረቀት የተዳፈነ እንዲቆሰቁስ አልፈልግም። አንዱ ከኦሞ ዳር ነው፣ የወንዙ ልጅ እለዋለሁ። ሌላው ከቆላው ኮረብታ ነው፣ የኮረብታው ልጅ ይሁን። አባቶቻቸው በግጦሽና በውሃ ሲገዳደሉ የኖሩ ናቸው። ኃላፊው ግን አልጋ በቁጥር ነው የሚሰጡት፣ ትሪም በአልጋ ተራ ነው የሚቀርበው። አራት አራት ሆነን ስንበላ ሁለቱ በአንድ ትሪ ደረሳቸው። የበላይ አካል ለጉብኝት ሲመጣ ኃላፊው ያንን ትሪ በኩራት ያሳያሉ።

የሚገርመው፣ ልጆቹ እውነትም ተዋደዱ። የጋራ ቋንቋቸው እኛ ያስተማርናቸው ስብርባሪ አማርኛ ብቻ ነው፤ በዚያው ይጫወታሉ፣ ይሰዳደባሉ፣ ከሽንት ቤቱ ጀርባ መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረው በጠጠር ገበጣ ይጫወታሉ። አንዱ ሲቀጣ ሌላው ቂጣውን ይደብቅለታል። በዚህም ሁለቱንም ስንት ጊዜ መትቻለሁ።

ክረምቱ አልፎ ትምህርት ሲከፈት የወንዙ ልጅ ጭንቅላቱን ተላጭቶ መጣ። በክረምቱ ከብት ዘረፋ ላይ ታላቅ ወንድሙ ተገድሏል፤ የገደሉት ከኮረብታው ወገን ናቸው። ይህን ሁሉም ያውቃል፣ እኔም ሰምቻለሁ። የኮረብታው ልጅ ሳምንት ዘግይቶ ገባ። እጅጌው ረጅም የሆነ ካኪ ሸሚዝ እስከ አንገቱ ቆልፎ ነበር። በሙቀት አያወልቀውም፣ ሲተኛም አያወልቀውም። ሁለቱ እንደ ዱሮው በአንድ ትሪ ይቀመጣሉ፤ ሳይነጋገሩ፣ አንገታቸውን ደፍተው ይበላሉ፣ ይነሳሉ። እኔ ይህን ሁሉ እያየሁ ምንም አላየሁም። እንዲያውም ጫጫታ ስለቀነሰ ደስ ብሎኝ ነበር።

በዚያው ሰሞን መኝታ ቤቱ ውስጥ እከክ ገባ። ከጤና ጣቢያ የድኝ ቅባት በቆርቆሮ ተላከልንና ትእዛዝ ወጣ፦ ቅዳሜ ቅዳሜ ሁሉም ልጅ ነሪ ወንዝ ወርዶ ይታጠባል፣ ከወገቡ በላይ ራቁቱን ሆኖ በተጠሪው ፊት ያልፋል፣ እከክ ያለበት ይቀባል። ፍተሻው ተገቢ ነበር፤ ልጆቹ ሌሊት ሲፎክቱ የሚሰማው ድምፅ እንቅልፍ ይነሳል። በመጀመሪያው ቅዳሜ የኮረብታው ልጅ ሆዴን አመመኝ ብሎ ቀረ። በሁለተኛው ከነሸሚዙ ውሃ ውስጥ ገባ። አምስት መትቼ አሳለፍኩት፣ እሱም ዝም ብሎ ተቀበለ። ግን አንዱ ወሬ አቀባይ ለኃላፊው አደረሰው።

ዓርብ ከሰዓት ኃላፊው ጠሩኝ። «አንድ ልጅ ሳይታይ አልፏል አሉ። እከኩ ከእሱ ከሆነ የሚነሳው አንተ ነህ የምትጠየቀው። ነገ ካልታየ ሰኞ ዕቃህን ጠቅልል» አሉኝ። ድምፃቸውን ከፍ አላደረጉም። 

ቅዳሜ ረፋድ ነሪ ወረድን። የከተማው ሴቶች ከታች በኩል ልብስ ያጥባሉ፣ የኔ ልጆች ከላይ በኩል ድንጋይ ላይ እየደበደቡ ያጥባሉ። ፍተሻውን ጀመርኩ። ሁሉም አለፈ፤ እሱ መጨረሻ ላይ ቀረ።

«ሸሚዝህን አውልቅ» አልኩት።

«ተጠሪ፣ ይሄን ተወኝ» አለ። «ሌላ ቅጣት ስጠኝ። ሽንት ቤት አንድ ወር ብቻዬን እጠርጋለሁ።»

«ሸሚዝህን አውልቅ።»

ጠጋ አለና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ለብቻ ላሳይህ። እዚያ፣ ዛፉ ኋላ። አንተ ብቻ እይ። እከክ የለም።»

እሺ ብዬው ቢሆን ኖሮ ይህ ሁሉ አይኖርም ነበር። ዛፉ ሃያ እርምጃ አይርቅም። ነገር ግን ሠላሳ ልጅ እያየኝ ነው፤ ዛሬ ለአንዱ ብደራደር ነገ ማን ይሰማኛል አልኩ። ሰኞም በዓይኔ ላይ አለች። ጎማውን አወጣሁ።

እግሩን መታሁ፣ ጀርባውን መታሁ፣ አንገቱን መታሁ። አልተንቀሳቀሰም። ሁለት እጁን ከአንገቱ ሥር፣ ቁልፉ ላይ አጣምሮ ቆመ። እጁን መታሁት። ጣቱ ደማ እንጂ አልለቀቀም። ያኔ ተናደድኩ፤ እውነተኛ ንዴት፣ ዓይን የሚያጨልም። ሁለት ጉልበተኛ ልጆች ጠርቼ ክንዱን አስጠመዘዝኩና ሸሚዙን ከአንገቱ ይዤ እስከ ወገቡ ቀደድኩት።

ከቀኝ ትከሻው እስከ ደረቱ ድረስ ትናንሽ ጠባሳዎች በመስመር በመስመር ተደርድረዋል። ገና አልዳኑም፤ አብጠው፣ ቅርፊት ይዘው፣ ዳር ዳሩ ቀልቷል። እኔ የደጋ ልጅ ነኝ፣ እንሰት ስንፍቅ ያደግን። እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል፤ ዞር ብዬ በኩራት «አላልኳችሁም? እከክ ነው» አልኩ። ቆርቆሮውን ከፍቼ የድኝ ቅባቱን በጣቴ ዛቅኩና ቁስሉ ላይ ለቀለቅሁት፣ አሸሁትም። ልጁ ዓይኑን ጨፈነ።

ከዚያ ፀጥታውን ሰማሁ። ልብስ የሚደበድብ የለም፣ የሚንቦጫረቅ የለም። ሠላሳ ልጅ ያንን ትከሻ እያየ ቆሟል። ሰው የገደለ ሰው በአገራቸው እንዲህ ይተለተላል፤ ከእኔ በቀር የማያውቅ አልነበረም።

የወንዙ ልጅ ከውሃው ወጣ። ያጠበውን ልብስ ጨምቆ ድንጋይ ላይ አሰጣው። ሳይቸኩል መጥቶ ከጓደኛው ፊት ቆመ።

«አንተ ነህ?» አለው፣ በአማርኛ።

«እኔ አይደለሁም። ወንድሜ ነው። ወንድሜ በጥይት ቆስሎ ቤት ገብቶ ሞተ። አባቴ ስሙ እንዳይጠፋ ብሎ ምልክቱን በእኔ ላይ አደረገው።»

የወንዙ ልጅ ራሱን ነቀነቀ፤ አመነው መሰለኝ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ ድንጋይ አነሳና አገጩን መታው። የአጥንቱ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ላይ አለ፤ ደረቅ እንጨት ሲሰበር እንደሚሰማው ነው። የኮረብታው ልጅ በጉልበቱ ወደቀ። ሁለተኛ መታው። የተመታው እጁን አላነሳም፣ ፊቱን እንኳ አልከለለም። የወንዙ ልጅ ሦስተኛውን ሊመታ ሲያነሳ ከኮረብታው ወገን የሆነ ሌላ ልጅ ዘሎ አንገቱን አነቀው፣ ከዚያ ማን ከማን ጋር እንደሆነ አልታወቀም።

ልጆች ናቸው አትበሉ። ከብት ጠብቀው፣ ጅብ አባርረው ያደጉ ናቸው፤ ድንጋይ ሲወረውሩ አይስቱም። አንዱን ውሃ ውስጥ ደፍቀው ሁለት ሆነው ቆሙበት። አንዱ ጆሮው በጥርስ ተቆረጠ። እኔ ጎማዬን ይዤ ያገኘሁትን ሁሉ እገርፍ ነበር፣ የሚሸሸውንም፣ የወደቀውንም። ማንም ዞሮ አላየኝም። እንደዚያ ትንሽ ሆኜ አላውቅም። አንድ ድንጋይ ከጆሮዬ በላይ አረፈብኝና ተቀመጥኩ። የሚያጥቡት ሴቶች እየጮኹ ወደ ከተማው ሮጡ። ወንዙ ቀላ ብል ውሸት ነው፤ ውሃው ደሙን ወስዶ እንደ ዱሮው ንጹሕ ሆኖ ይወርድ ነበር። የአብዮት ጥበቃዎች መጥተው ወደ ሰማይ ሲተኩሱ ነው የቆመው።

የሞተ የለም። ሁለት ክንድ ተሰበረ፣ አንድ ልጅ ዓይኑን አጣ፣ የኮረብታው ልጅ አገጩ ሁለት ቦታ ተሰነጠቀ። ከሰዓት በኋላ ራሴን በጨርቅ አስሬ ኃላፊው ፊት ቀረብኩ።

«እንዴት እንደተጀመረ ሪፖርት ጻፍ» አሉ። ወረቀትና እስክሪብቶ ገፋ አደረጉልኝ። «በደንቡ ጠብ የጫረ ይባረራል። ተጠሪ ጠብ ከጫረ ደግሞ ያው ነው። ማን ጫረ?»

 እናቴ በአጥሩ ውጭ ቆማ ታየችኝ። የኮረብታው ልጅ ሸሚዙን በገዛ ፈቃዱ አውልቆ፣ የገዳይነት ምልክቱን እያሳየ የሟቹን ወንድም እንደተሳለቀበት ጻፍኩ። ጽሑፌ ያምር ነበር፣ አንድም ስርዝ የለበትም። ፈረምኩ። ያችን ወንጀል ያለባትን ወረቀት ለመጻፍ አንድ ሰዓት እንኳ አልፈጀብኝም።

እሁድ ጠዋት የወንዙ ልጅ ለቅጣት እንጨት እየፈለጠ ከወጥ ቤቱ ኋላ ታግዶ ነበር። በዚያ ሳልፍ ጠራኝ። ከንፈሩ አብጧል።

«እኔ አውቅ ነበር» አለኝ።

«ምኑን?»

«ሸሚዝ ውስጥ ያለውን። እስከ አንገት ቆልፎ ሲመጣ አወቅሁ። ሁላችንም አወቅን። አንተ ብቻ ነህ ያላወቅህ።»

«ታዲያ ያኔ ለምን ዝም አልክ?»

ሞኝ ሰው እንደሚያዩ አየኝ። «ሸፍኖታል። እሱ ለእኔ ብሎ ሸፈነ። ከሸፈነ እኔ አላየሁም። ካላየሁ አብሬው እበላለሁ። አንተ ሰው ፊት ገለጥከው። ሰው ሁሉ እያየኝ እኔ ዝም ብል፣ ወንድሜ ውሻ ነው?» መጥረቢያውን አስቀመጠ። «አሁን መትቼዋለሁ። ለእኔ አልቋል። እሱ ይምጣ፣ ይማር።»

ነገር በዓይን ይገባል ይባላል፤ ስንት ጊዜ ብዬዋለሁ፣ ያን ቀን ነው የገባኝ። ሁለት ልጆች የአባቶቻቸውን ደም በአንድ ካኪ ሸሚዝ ሸፍነው፣ አፋቸውን ይዘው፣ ከአንድ ትሪ እየበሉ ሊያልፉት ነበር። ከደንባችን ሁሉ የሚበልጥ ሥርዓት ነበራቸው፣ እኔ ቀደድኩት። ከዚያ ቀጥ ብዬ ወደ ኃላፊው ቤት ሄድኩ። ሪፖርቱን መልሱልኝ ልላቸው ነበር። በራቸው ላይ ደርሼ እጄን አነሳሁ፣ አላንኳኳሁም፣ ተመለስኩ። ፈሪ ነበርኩ፤ ሌላ ስም የለውም።

ሰኞ ሰንደቅ ከተሰቀለ በኋላ መላው ተማሪ እንደቆመ የኮረብታውን ልጅ ከሆስፒታል አመጡት። አገጩ እስከ አናቱ በፋሻ ታስሯል። ከኋላው ሁለት የአብዮት ጥበቃ ቆመዋል። አውሮፕላን ማረፊያው ሜዳ ላይ ምልምሎችን የሚወስድ ኦራል መኪና እንደሚጠብቅ ሁላችንም አይተናል። ኃላፊው ሪፖርቴን አነበቡ፤ «ሆን ብሎ ሸሚዙን በማውለቅና ምልክቱን በማሳየት ጠብ ስለጫረ ከዛሬ ጀምሮ ተባርሯል» ብለው ወረቀቱን አጠፉ።

የወንዙ ልጅ ከሰልፍ ወጣ።

«ጓድ ኃላፊ፣ ውሸት ነው» አለ። «እሱ አላወለቀም። ለብቻ ላሳይህ ብሎ ለመነው። ተጠሪ ቀደደው።»

ኃላፊው ወደ እኔ ዞሩ። «እውነት ነው?»

የኮረብታው ልጅ እያየኝ ነበር። የሆነ ነገር ሊል ሞከረ፣ ከፋሻው ሥር የታፈነ ድምፅ ብቻ ወጣ።

«አይደለም፣ ጓድ ኃላፊ» አልኩ። «ራሱ ነው ያወለቀው።»

ኃላፊው እኔን፣ ከዚያ ልጁን አዩ። የሚያምኑት ሰው እንደቸገራቸው ፊታቸው ላይ ይታይ ነበር፤ በመጨረሻ ደንቡን አመኑ። ያለ ፈቃድ ከሰልፍ የወጣና ተጠሪን በሐሰት የከሰሰ ሃያ ይገረፋል። የሚገርፈው ተጠሪው ነው።

የወንዙ ልጅ ሸሚዙን ራሱ አወለቀ። ፊቱን ወደ ጓደኛው አድርጎ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ ቆመ።

«ጠንክረህ ምታ» አለኝ፣ እኔ ብቻ በምሰማው ድምፅ። «እሱ እያየ ነው።»

የሰበረበትን አገጭ ዋጋ ለጓደኛው እየከፈለው ነበር፣ በሰው ሁሉ ፊት። ጠንክሬ መታሁ። ለእነሱ ብዬ ግን አይደለም፤ ቀስ ብመታ ኃላፊው ይጠረጥሩኛል ብዬ ነው። የኮረብታው ልጅ ሃያው እስኪያልቅ ዓይኑን አልነቀለም። ሲያልቅ ጠባቂዎቹ ክንዱን ይዘው በበሩ አወጡት፤ ከዚያ በኋላ ያየው የለም። እኔ ቦታዬ ላይ ቀረሁ፣ ተጠሪ እንደሆንኩ አሥራ ሁለተኛን ጨረስኩ።